ከጎን የመጣ

ጋራዤ ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ በታች ነው፣
ሥራዬም አሸዋ በአየር መተኮስ ነው፤
ዝገት የበላውን የአይሱዙ አካል
አሸዋው ልጦ ልጦ እንደ አዲስ ያወጣል።

የብረቱን አፈሙዝ፣ ሳምንት ሳይሞላው፣
አሸዋው ከውስጡ ፍቆ ፍቆ በላው፤
ቀጥሎ የገዛሁት፣ የጠቆረው ሸክላ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ አሸዋ ቢሞላ
የፀጉር ያህል እንኳ አልሰፋ፣ አልላላ።
ቦሮን ካርባይድ ነው፤ «ከአልማዝ» ብሎ ብሎ
«ሁለት ዕርከን ቢያንስ ነው» ያለኝ በአቦ ምሎ
የሸጠልኝ ደላላ።

ታዲያ በጥቅምት፣ ውርጭ ሣር ላይ ሲያድር፣
ጌታሰው፣ ረዳቴ፣ መሰላሉን ሲያዞር
ነካው።
መታው አልልም።
ከጎን ሸርተት አርጎት አለፈ፣ ይኸው ነው።
ሁለት ሆኖ ወደቀ።

ስብራቱ ያበራል፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ፤
በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድሁ ወደ አስተማሪ፣
ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ እንግዳወርቅ። ሞላሌ ነው አገሯ፤
ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ ባና ጣል አርጋለች በእግሯ።

በአልማዝ ጫፍ ተጫነችው፣ ቀጥ አርጋ፣ ከላይ።
ቻለ።
ጨመረችበት።
ቻለ።
የጣርማ በርን ተራራ በመርፌ ጫፍ ብታቆመው
ይህን ያህል ነው አለችኝ። ቻለ።
ከዚያ ጫፉን ሳታነሣ፣
ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣
ወደ ጎን ሳበችው።

ጭረቱን ቆርሳ ባሕር ማዶ ላከች፤
ፎቶው በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ደርሷት ጠራችኝ።
ረድፍ ነው፣ ረድፍ፣ ረድፍ፣ የሸማኔ ድር፤
በመካከሉ ግን ጭጋግ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር።

«አሥራ ሁለት ሆነው፣ እንደ ጽዋ ማኅበር፣
ክብ ሠርተው ይቆማሉ በየደጁ፣ በየበር፤
ማኅበርን ከማኅበር የሚያገናኝ ደግሞ
የሦስት ሰው ሰልፍ አለ፣ እንደ ዘንግ ቆሞ።
ከላይ ብትጫነው፣ ከዙሪያው ብትገፋ፣
ይጠጋጋል እንጂ ሰልፉ መች ሊጠፋ!
ወደ ጎን ስትስበው ግን፣ ያ የሦስቱ ሰልፍ
መካከሉ ጎብጦ፣ ቦታ ሊተላለፍ፣
ማኅበሩን ይነካል።
አሥራ ሁለቱ ይፈታሉ።
የሞተ የለም፤ የወጣም የለም፤
ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣
ቦታቸው ነው የጠፋቸው።»

«ጭጋጉ ስፋቱስ?»
«አንድ ፀጉርህን ሠላሳ ሺህ ቦታ ሰንጥቀው፣ አንዷ ስንጥር ናት።
በእርሷ ውስጥ ጠጣሩ መስታወት ሆኗል፤
መሰንጠቁ በእርሷ በኩል መንገድ ያገኛል።»
መጽሐፉ ሺር ይለዋል አለችኝ፣ ይህን የጎን ጉተታ።
«እኛ ሸር ነው የምንለው» አልኋት።
ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ወፍጮው ትዝ አለኝና። መጅ ተጭኖት ቢያድር
ገብሱ ገብስ ነው፤ ክብደት ምን ሊያደርገው?
ዱቄት የሚሆነው ሲገፉት ነው።

ማማ ምድር ላይ፣ አባቴና አጎቴ ደባልቄ
የሰባ ሰባትን ድርቅ በአንድ ጎታ ቻሉት፤
ባዶ ነበር ጎታው፣ ግን አንድ ነበር።
ውርጭ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ባቄላውን ሲያከስል
ቻሉ።
ኋላ በአንድ ሌሊት፣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣
የድንበሩ ድንጋይ ስንዝር ወደ ጎን ሄደች።
ስንዝር።
የሞተ የለም፤ የወጣም የለም፤
በተዝካር ስንገናኝ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ
ግራ ይገባናል እንጂ።

መድኃኒት አለው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።
«ሲሊከን ጥቂት፣ እንደ ጨው፣
ሰልፉ መሃል ብንጨምር፣ ሲጎብጥ አይነካካም ይባላል።
ገና ነው። ጥሬ ዕቃውም አልመጣም።»
ባናዋን ወደ ጉልበቷ ሳበች፤ ብርድ ነበር።

አዲስ አፈሙዝ ገጠምሁ። ጌታሰው መሰላሉን
አሁን በሌላው በር ያስገባል።
ስባሪው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ከቅባቱ ጣሳ አጠገብ።

ትናንት ማታ ለደባልቄ ልጅ ደወልሁለት፤
ከስድስት ዓመት በኋላ።
ያወራሁት ስለ አፈሙዙ ነው።
ዝም ብሎ ሰማኝ፣
ከዚያ «ከየት በኩል ነው የነካው?» አለኝ።